ከገፈርሳ እስከ አባ ሳሙኤል፦ የአራት ቀን የወፍ ቆጠራ ማስታወሻ

ረቡዕ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ገፈርሳ

በአምቦ መንገድ ከከተማ የወጣነው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። ጥምቀት ካለፈ ገና ሦስት ቀኑ ስለነበር በየአብያተ ክርስቲያናቱ መግቢያ የተረገጠ ቄጠማ አስፋልቱ ላይ ተጣብቆ ይታያል፤ ይህ ቄጠማ ከየት ታጭዶ እንደመጣ ግን በዚያ ሰዓት ለማሰብ አልነቃሁም። በመኪናው ውስጥ ሦስት ነን፦ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የምታስተምረውና በየዓመቱ በጥር ወር በዓለም ዙሪያ በሚካሄደው የውሃ ወፎች ቆጠራ የመሳተፍ ልምድ ያላት ጓደኛዬ፣ መኪናቸውን ለአራት ቀን ያከራዩንና ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ሾፌራችን፣ እንዲሁም ደብተርና እስክሪብቶ ከመያዝ ያለፈ ሙያ የሌለኝ እኔ።

ያሰብነው በአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉትና ለወፎች ወሳኝ ከተባሉት ረግረጎችና የሣር ሜዳዎች አራቱን በተከታታይ ማየት ነበር። የኢትዮጵያ የዱር አራዊትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1996 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የመጀመሪያ ዝርዝር በመላ ሀገሪቱ 69 እንዲህ ያሉ ሥፍራዎች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ በርከት ያሉት ከመዲናዋ በግማሽ ቀን ደርሶ በሚመለሱበት ርቀት ላይ መሆናቸው ብዙ የከተማ ሰው የማያውቀው ነገር ነው፤ እኔም ብሆን ያወቅሁት ዘንድሮ ነው።

ገፈርሳ ስንደርስ በግድቡ ውሃ ላይ ስስ ጉም ተኝቶ ነበር። ስሙ በኦሮምኛ ጎሽ ማለት ነው፤ ጎሹ ከአካባቢው ከጠፋ የትየለሌ ዘመን ቢሆንም ስሙ ምን ዓይነት መስክ እንደነበረ ይመሰክራል። ከአጥሩ ውጭ ባለ ጉብታ ላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ መጀመሪያ የታዩን በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ከፍታዎች በቀር የትም የማይገኙት ሰማያዊ ክንፍ ያላቸው ዝይዎች ናቸው። ሁለት ነበሩ። ከውሃው ወጥተው አጭሩን ሣር እየነጩ ሲሄዱ ተራ ግራጫ ዝይ ይመስላሉ፤ ስማቸውን ያገኙበት ሰማያዊ ቀለም ብቅ የሚለው ክንፋቸውን ሲዘረጉ ብቻ ነው። አንደኛው ሣሩን ጠግቦ ሲቆም አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ራሱን ጀርባው ላይ ጣል አደረገ። ጋሼም በመነጽሩ አይተው “ይሄስ ብርድ የገባው ሽማግሌ ነው” አሉ።

በውሃው መግቢያ ቦይ ዳር አንዲት ቡናማ ወፍ ጅራቷን በየእርምጃዋ ሽቅብ እየነቀነቀች በጭቃው ላይ ስትመላለስ ከአንድ ሰዓት በላይ ተመለከትናት። ሩዤ ሬይል ትባላለች፤ መኖሪያዋ በኢትዮጵያና በኤርትራ ከፍታዎች ብቻ የተወሰነ ነው። ጅራቷ በተነሣ ቁጥር ከሥሩ ያለው ነጭ ላባ ብልጭ ይላል። በመንቁሯ ጭቃውን ገልብጣ ትል ስታወጣ፣ አንዱን ስትጥልና ሌላውን ስትመርጥ ያለ መነጽር እስኪታየን ድረስ ቀርባን ነበር።

ገፈርሳ የአዲስ አበባን ሕዝብ ከሚያጠጡት የቆዩ የውሃ ምንጮች አንዱ በመሆኑ ታጥሯል፣ ይጠበቃል፤ ዙሪያው ቤት በቤት እየሆነ ቢመጣም ውሃው ዳር ያለው ሣር እስካሁን ሣር ነው። ወፎቹ ጥበቃ ያገኙት በእኛ ጥም ሳቢያ ነው ማለት ይቻላል።

ሐሙስ፣ ጥር 15 ቀን። በርጋ

ከሆለታ ወደ ሙገር በሚወስደው መንገድ ታጥፈን ጥቂት ከተጓዝን በኋላ የበርጋ ሜዳ ተገለጠልን። የበርጋ ወንዝ በሜዳው መካከል ተጠማዞ ወደ ሙገር፣ በሙገርም በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል። በክረምት ከአፉ እየፈሰሰ ሜዳውን ሁሉ ያለብሰዋል፤ በጥር ግን ወደ ቦዩ ተሰብስቦ፣ ሣሩም ታጭዶ፣ የቀረውን ከብት እየጋጠው ነበር። ይህን ዓይነቱን ውሃ የሚተኛበት የሣር መስክ የአካባቢው ሰው ጨፌ ይለዋል። የኦሮሚያ ምክር ቤት ጨፌ የተባለውም የገዳ ጉባኤ ይቀመጥበት ከነበረው ለምለም መስክ ስሙን ወርሶ ነው። ስብሰባው አዳራሽ ውስጥ ገብቷል፤ መስኩ ግን እንዲህ ባሉ ጥቂት ቦታዎች ቀርቷል።

ወደዚህ የመጣነው ልናየው የማንችለውን ወፍ ቤት ለማየት ነው። ነጭ ክንፍ ፍላፍቴይል የሚባለው ይህ ወፍ በዓለም አቀፉ መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መካከል የሚቆጠር ሲሆን፣ ለመራባት የደረሱት ከ250 በታች እንደሆኑ ይገመታል። ከመንቁሩ እስከ ጅራቱ 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የወንዱ ራስና አንገት ዳማ ቀለም ነው። ነጩ የክንፉ ክፍል የሚታየው ሲበር ብቻ ነው፤ መብረር ደግሞ አይወድም፤ በሣሩ ሥር እንደ አይጥ ይሽሎከለካል። በሐምሌና በነሐሴ፣ ሣሩና ቄጠማው ጉልበት ሲደርስና ከሥሩ ስስ ውሃ ሲቋጥር፣ የሣሩን ጫፎች እንደ ጎጆ ጣሪያ አጣምሮ ከውሃው ከፍ ያለ ጎጆ ይሠራል። በበርጋ ጎጆው የተገኘው በ1997 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያም በ2018 (እ.ኤ.አ.) በደቡብ አፍሪካ፣ ሚድልፑንት በተባለ ረግረግ የተተከለ ካሜራ ከነጫጩቶቹ እስኪቀርጸው ድረስ፣ በዘመናችን መራባቱ የተረጋገጠበት ሌላ ሀገር አልነበረም። በዓለም ላይ ከቀሩት ጥቂቶቹ ከፊሎቹ ይህንን የከብት መስክ ተማምነው ይኖራሉ ማለት ነው።

እኔ ግን ይህን ሁሉ ሰምቼ እንኳ ከቦዩ ዳር ቡናማ ነገር ሽው ሲል “እሱ ነው!” ብዬ ጮህኩ። ጓደኛዬ መነጽሩን ሳታነሣ “የትናንቷ ናት፤ ጅራቷን አላየህም?” አለችኝ። እውነትም ሩዤ ሬይል ናት። ቀኑን ሙሉ ጋሼ ያዩትን ወፍ ሁሉ “እሱ ነው!” እያሉ ሲቀልዱብኝ ዋሉ።

በሜዳው ጠርዝ ድርቆሽ ሲከምሩ ያገኘናቸው አንድ አዛውንት አረፍ ብለው አጫወቱን። ክምሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ አናቱን በመንሽ እየጠበጠቡ፣ ዝናብ ቢመጣ ውሃው በጎኑ እንዲወርድ ወደ ታች ያበጥሩታል። እጄን ወደ ክምሩ ውስጥ ሳስገባ ላዩ ቀዝቃዛ ሆኖ ውስጡ ሞቅ ይላል፤ ሽታው የማርና የአቧራ ድብልቅ ነው። “አባባ፣ በክረምት ከብቱን ከሜዳው የምታስወጡት ለወፏ ብላችሁ ነው?” ብዬ ጠየቅኋቸው።

“ለወፏ ብዬስ አልልህም፣ ልጄ” አሉ ፈገግ ብለው። “ሣር ሁለቴ አይበላም። በሐምሌ ከብት የገባበት ጨፌ በጥቅምት ድርቆሽ የለውም። እኛ ለድርቆሹ ስንል እንከለክላለን፣ እሷም በመሃል ልጆቿን ታሳድጋለች። ከተስማማን ምን ቸገረን?”

ከዚህ የተሻለ የጥበቃ ሐሳብ በአራቱ ቀን አልሰማሁም። ወፉ የሚፈልገው ብዙ ቦታ ሳይሆን ጥቂት ሳምንታት ነው፤ ከብቱና ማጭዱ ሁለት ወር ከታገሡለት ቀሪው አሥር ወር የሰው ነው። ችግሩ ትዕግሥቱ ገንዘብ መጠየቁ ነው። በየከተማው ዙሪያ የወተት ላም የሚያረባው ሰው ሲበዛ ድርቆሽ ይወደዳል፤ ሲወደድ ቶሎ ማጨድ ያዋጣል፤ መሬት የሌለው ጎረምሳም ከብቱን በሌሊት ያስገባል። አዛውንቱ ይህን ሁሉ ዘርዝረው ሲያበቁ ወደ ከተማ ልብሳችን አየት አድርገው “ደግሞ ለዘመን መለወጫ ቄጠማ የምትገዙት እናንተ ናችሁ” አሉ።

እዚህ ላይ የረቡዕ ጠዋቱ ቄጠማ ትዝ አለኝ። ለእንቁጣጣሽ ቤታችን የሚጎዘጎዘው ቄጠማ የሚታጨደው በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን ነው፤ የዘገየ ጫጩት ገና በሣሩ ሥር በሚርመሰመስበት ሰሞን። አጫጁ ሳያውቅ በጎጆው ላይ ይረማመዳል፤ እኛም ጠዋት ቡና ስናፈላ “ቤቱ ሸተተ” እንላለን። ቄጠማ አይጎዝጎዝ ለማለት አልደፍርም፤ ለእናቴም እንዲህ ያለ ነገር መንገር አልችልም። ግን ከዚህ ጨፌ ሳይሆን ወፉ ከማይራባበት የወንዝ ዳር ቢታጨድ ወይም ቄጠማው ጓሮ ላይ ተተክሎ ቢሸጥ ማንም በዓሉን አይነጠቅም።

ከሜዳው በላይ ከደቡብ አፍሪካ ወገን የሚድልፑንትን ረግረግ ከሚጠብቁት ሰዎች በተገኘ እገዛ የተሠራ ትምህርት ቤት አለ፤ ነዋሪዎቹም የጥበቃ ቡድን አቋቁመዋል። ትምህርት ቤቱን በሩቁ አይተን አለፍን፤ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ጓደኛዬ በቆጠራ ቅጹ ላይ ከፍላፍቴይል ትይዩ “0” ጽፋ በደማቁ አሰመረችበት።

ዓርብ፣ ጥር 16 ቀን። ሱሉልታ

ከእንጦጦ ወዲያ የሚወርደው የጎጃም መንገድ የሱሉልታን ሜዳ በአንድ ጊዜ ይገልጠዋል። ልጅ ሆኜ አባቴ ወደ ደብረ ሊባኖስ ሲወስደኝ፣ በክረምት ይህን ሜዳ ሐይቅ ነው ብዬ ተከራክሬዋለሁ። ዛሬ ከላይ ስናይ የቆርቆሮ ጣሪያና የድንጋይ አጥር ከሁለቱም ወገን እየገፋ መጥቶ፣ ሣሩ በመካከል እንደ ጨርቅ ቁራጭ ቀርቷል። ውሃው የሚወርደው እንደ በርጋ ወደ ሙገር ነው።

ከመንገድ ወርደን አንድ አዲስ የተቆፈረ ቦይ ተከትለን ሄድን። ቦዩ ክንድ የማይሞላ ጥልቀት ቢኖረውም ሥራው ቀላል አይደለም፦ ከጨፌው ውስጥ ውሃ ቀጭን ሆኖ ቀንና ሌሊት ይንቆረቆራል፣ ከግራና ከቀኙ እስከ አሥር እርምጃ ድረስ ሣሩ ቢጫ ሆኖ ጥቁሩ አፈር ተሰነጣጥቋል። ስንጥቁ ውስጥ ጣቴ እስከ አንጓው ይገባል። ከዚያ አለፍ ብሎ ባለው ርጥብ ሣር ላይ ግን ጉሮሮው ብርቱካናማ ቢጫ፣ አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ ያሰረ የሚመስል ወፍ ጉብታ ላይ ቆሞ ይዘምር ነበር። ይህም ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ ሀገር የማይገኝ ነው፤ የኋላ ጥፍሩ ከመጠን በላይ ስለሚረዝም በእንግሊዝኛ የጥፍሩን ስም ሰጥተውታል።

ጓደኛዬ እየቆጠረች ሳለ አንድ ደላላ መሬት ልንገዛ የመጣን መስሎት ወደ እኛ ቀረበ። “እዚህ ጋ ባዶ መሬት ነው፣ ማንም የለበትም” እያለ እጁን ዘረጋ። እሷ ደብተሯ ላይ የጻፈችውን ቁጥር አሳየችኝ፦ በዚያው ባዶ መሬት ላይ 47 ወፎች። ጋሼ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው “ካርታ አለው?” ብለው ጠየቁት፤ ደላላው በቁም ነገር መልስ ሊሰጥ ሲጀምር ሳቃችንን መያዝ አቃተን። ሰውየውን ግን ብዙም አልፈርድበትም፤ ጨፌ በእኛ አስተሳሰብ ያልታረሰና ቤት ያልተሠራበት ነውና “ባዶ” ከማለት ሌላ ስም አላበጀንለትም።

ከቀትር በኋላ ገርጣ ያለ ግራጫ ጭልፊት፣ ክንፎቹን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ከሣሩ ጫፍ ክንድ ያህል ብቻ ርቆ ሜዳውን ሲያስስ አየን። ይህ ጭልፊት የሚራባው በካዛክስታንና በደቡብ ሩሲያ የሣር ምድር ነው፤ የዚያን ምድር የብርድ ወራት የሚያሳልፈው እንዲህ ባሉ የአፍሪካና የሕንድ ሜዳዎች ነው። የዚያ ምድር ታሪክ ከእኛው ጋር ይመሳሰላል። ከ1954 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሶቪየት መንግሥት “ድንግል መሬት” ብሎ በካዛክስታን ብቻ 25 ሚሊዮን ሄክታር ያህል የሣር ምድር አሳረሰ፤ ሥርዓቱ ሲፈርስ ብዙው እርሻ ተጥሎ ሣሩ ራሱ መመለስ ጀመረ። በ2008 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የሰሜን ካዛክስታን ሣር ምድርና ሐይቆች ሳርያርካ በሚል ስም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ፤ ስፋታቸው 450,000 ሄክታር ይሆናል።

ጓደኛዬ በመንገድ ላይ የነገረችኝ ሌላ ነገር ግን የበርጋውን ጨዋታ አስታወሰኝ። በዚያው በካዛክስታን የሚራባ፣ ሶሻብል ላፕዊንግ የሚባልና ለመጥፋት የተቃረበ ወፍ አለ፤ እሱ የሚመርጠው ከብት የጋጠው አጭር ሣር ያለበትን የመንደር ዳር ነው። ከብቱ ሲጠፋ ሣሩ ይረዝምበታል፣ እሱም ጎጆ መሥሪያ ያጣል። ስለዚህ “ከብት የወፍ ጠላት ነው” የሚል ሰው ሲገጥመኝ የትኛው ወፍ፣ በየትኛው ወር ብዬ ለመጠየቅ ቆርጫለሁ።

ከሜዳው ወጥተን መንገድ ስንይዝ በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ አንድ ትልቅ ጥቁር ቡናማ ንስር ተቀምጦ ነበር፤ የሣር ምድር ንስር ነው። በ1987 (እ.ኤ.አ.) መጸው ከጂቡቲ በኩል በባብ ኤል መንደብ የሚሻገሩትን አዳኝ ወፎች የቆጠሩ ሰዎች ከ240,000 በላይ መዝግበዋል፤ ከእነዚህም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት ይህ ንስር ነበሩ። አሁን አደጋ ላይ ካሉት ተመድቧል፤ ከሚገድሉት ነገሮች አንዱም ሽቦው በቅርብ የተዘረጋ ምሰሶ ነው፤ ክንፎቹ ሁለት ሽቦ በአንዴ ሲነኩ ኤሌክትሪኩ ይገድለዋል። ንስሩ በሰላም ተነሥቶ እስኪበር ድረስ ሦስታችንም በመኪናው ውስጥ ዝም ብለን ጠበቅን።

ቅዳሜ፣ ጥር 17 ቀን። አቃቂና አባ ሳሙኤል

ረቡዕ በገፈርሳ ያየነው ውሃ ከሚወርድበት ከትንሹ አቃቂና ከምሥራቅ ከሚመጣው ከትልቁ አቃቂ ጋር የምንገናኘው እዚህ ነው፤ ሁለቱ ወንዞች ከተማዋን ከሁለት ወገን ዞረው አባ ሳሙኤል ላይ ይቀላቀላሉ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። በመካከል የሚያልፉበትን ለመናገር አፍንጫ በቂ ነው። ግድቡ በሀገራችን ከውሃ ኃይል ኤሌክትሪክ ካመነጩት የመጀመሪያው ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ ታድሷል። ዛሬ ግን እንደ ሐይቅ ሳይሆን እንደ ትልቅ ማጣሪያ ነው የሚያገለግለው፦ የቆዳ ፋብሪካው፣ የመጸዳጃውና የገበያው ፍሳሽ ሁሉ ደለል ሆኖ እዚህ ይቀራል፤ እምቦጩም ይህን በልቶ ይፋፋል። ከወንዙ ዳር በዚያው ውሃ የሚለማው ሰላጣና ጎመን ተመልሶ ከተማ ይገባል።

ወፎቹ ግን መምጣታቸውን አላቆሙም። በእምቦጩ ላይ የግብፅ ዝይዎች እንደ ሜዳ ይራመዳሉ። ረጃጅም እግር ያላቸው የጭቃ ወፎች በፕላስቲክ ጠርሙሶች መካከል መንቁራቸውን ይሰካሉ። እንዲህ ያለው ብዛት ያጽናናኛል ማለት ይከብደኛል፤ ብክለት ያለበት ውሃ ብዙ ትል ስለሚያፈራ ወፍ ሊበዛበት ይችላልና ብዛትን ብቻ አይቶ “ደኅና ነው” የሚል ሰው ይሳሳታል።

ያመጣን ክሬን ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ በአድማሱ ላይ የሚታዩትን የሕንፃ መሥሪያ ክሬኖች እያሳዩ “ታዲያ እዚያው ቦሌ አትቆጥሩም ነበር?” አሉ። መሣሪያው ስሙን ያገኘው ከወፏ ረጅም አንገት ነው። ከአውሮፓና ከእስያ ሰሜናዊ ረግረጎች የሚመጡት ግራጫ ክሬኖች ቀን ቀን በአቃቂ ዙሪያ ባለው መረሬ መሬት ላይ፣ ጤፉ በተሰበሰበበት ገለባና ሽምብራው ባለበት ማሳ ይለቅማሉ፤ ማታ ማታ ከጅብና ከውሻ ለመዳን ጥልቀቱ ከቁርጭምጭሚታቸው ብዙም በማያልፍ ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጓቸዋል፦ ማሳውም፣ ስስ ውሃውም፣ በመካከላቸውም ያልተዘጋ ሰማይ። ማሳው ፋብሪካ ሲሆን ውሃው ብቻውን አያኖራቸውም።

ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከግድቡ በላይ ባለ የድንጋይ ክምር ላይ ተቀመጥን። አንዲት በግ ጠባቂ ልጅ አጠገባችን መጥታ “ጋሼ፣ መነጽሩን ላየው?” አለችኝና ተቀብላኝ ወደ በጎቿ አዞረችው። ፀሐይዋ አድማሱን ስትነካ የመጀመሪያዎቹ ከደቡብ መጡ። መጀመሪያ ድምፃቸው ነው የሚደርሰው፤ እንደ ሩቅ መለከት፣ ከዚያ ረድፉ ይታያል፤ አንገት ወደ ፊት፣ እግር ወደ ኋላ ተዘርግቶ። ውሃው ዘንድ ሲደርሱ ክንፋቸውን ቆልምመው እግራቸውን እንደ ምርኩዝ ወደ ታች ይለቃሉ። ጓደኛዬ እየጮኸች ትቆጥራለች፣ እኔ እጽፋለሁ፦ 18፣ 31፣ 9፣ 64፣ እያለ ይቀጥላል። 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን ድምሩ 312 ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ገጹ ራሱ አልታይ አለኝ።

ጋሼ የመኪናውን መብራት እንዳያበሩ ለምነናቸው በጨለማው ተቀምጠን ቀረን። ሌላ ረድፍ በላያችን አለፈ፤ ድምፁ ብቻ ነበር፣ ምናልባት ሃያ፣ ምናልባት ሃምሳ። ቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ ስለሌለ ጓደኛዬ በስልኳ ብርሃን ከዳር “የተሰሙ፣ ያልታዩ” ብላ ጻፈችበትና አጠፈችው።